መልእክት በሚያስተላልፍ የድር አገልግሎት ላይ በቶክን መፍቀድ

ጥያቄ፦ ከሌሎች ፕሮግራሞች ተቀብሎ መልእክት የሚያስተላልፍ አገልግሎታችን እስካሁን ለላኪዎች የሚፈቅደው በአይፒ አድራሻ (ኮምፒውተሩ በኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ነው፤ የደንበኞቻችን አድራሻ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ግን ወደ ቶክን (ደንበኛው ፈቃዱን የሚያሳይበት ምስጢራዊ ኮድ) ልንዞር አስበናል። ቶክኑ እንዴት ቢላክና ቢቀመጥ ይሻላል?

መልስ 1፦ ቶክኑ በዩአርኤል (በድር አድራሻው) ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ በሰርቨር መዝገቦች ላይ ተጽፎ ይቀራልና። በኦቶራይዜሽን ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚሄደው የፈቃድ መስመር)፣ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ብቻ ይላክ። በዘፈቀደ የመነጨና ረጅም እስከሆነ ድረስ፣ በዳታቤዙ ውስጥ ቶክኑ ራሱ ሳይሆን የኤስኤችኤ-256 ሃሹ (ከቶክኑ የሚሰላ፣ ወደ ቶክኑ ግን የማይመለስ አሻራ) ቢቀመጥ ይበቃል።

መልስ 2፦ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው፣ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ቶክን እንዲኖረው ነው፤ አንዱ ሲሾልክ ሌሎቹን ሳትነኩ መሰረዝ የምትችሉት ያን ጊዜ ነው። ቶክን ለሌለው 401 (ማንነቱ አልተረጋገጠም የሚል የኤችቲቲፒ ኮድ)፣ ቶክኑ ትክክል ሆኖ ለዚያ ተቀባይ መላክ ላልተፈቀደለት 403 (ተከልክሏል የሚል ኮድ) መልሱ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ቶክን ስንቀይር አሮጌውና አዲሱ አብረው ይሥሩ?

መልስ 2፦ ለአጭር ጊዜ፣ አዎ፤ የሾለከ ከሆነ ግን ወዲያው ይሰረዝ።