አንድ ቁጥር ላይ ሁለት ጣቢያ? ፍኖተ ሰላም ያላችሁ

የዳሞቱ፦
ሰላም እናንተዬ፣ ጠዋት ጠዋት ኤፍኤም ከፍቼ ዜና እየሰማሁ ድንገት ሌላ ጣቢያ መዝሙር ይዞ ከች ይላል፣ ቁጥሩን አልነካሁትም። 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይጠፋል። ሬዲዮ ቀየርኩ ያው ነው። አንድ ቁጥር ለሁለት ይሰጣል እንዴ? ከተሰጠስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው መራራቅ ያለባቸው?

ሽቦ በጣጥስ፦
ወንድምዓለም ሬዲዮህ ጤነኛ ነው። ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ለአገር ሙሉ ጣቢያ ለየብቻ አይበቃም፣ ያንኑ ቁጥር ራቅ አርገው ደግመው ይሰጡታል። ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ብሎ መቁረጥ ግን አይቻልም፣ የማሰራጫው ጉልበት የአንቴናው ከፍታና መሬቱ ነው ወሳኙ። 100 ሜትር ማማ ላይ ያለ አንቴና ሜዳ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ያለውን ያንተን አንቴና እስከ 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ያየዋል፣ 400 ሜትር ብታረገው ወደ 95 ይደርሳል፣ ከዛ በኋላም ሲግናሉ እየደከመ ይሄዳል እንጂ ቀጥ አይልም። እና ለስቴሪዮ፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ ለሚሰማው ድምፅ፣ የሚፈለገው ያንተ ጣቢያ ከረባሹ በ45 ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት ማወዳደሪያ ነው) እንዲበልጥ ነው፣ በጉልበት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው! ሞኖ፣ ግራና ቀኝ ሳይለይ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያመጣው፣ 36 ይበቃዋል።
የጠዋቱ ነገር የአየሩ ጣጣ ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሞቃቱ አየር ከላይ ይተኛል፣ ሞገዱ ወደ ሰማይ መሄዱን ትቶ እንደ ቦይ ውሃ ሩቅ ይመጣል፣ ፀሐይ አየሩን ስታደባልቀው ቦዩ ይፈርሳል።

የዓባይ ሹፌር፦
መዝሙር ከመጣልህ ምን አነሰህ 😂 እኔ ግን ከጎሃ ጽዮን ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ በየኩርባው አንዱ ይመጣል ሌላው ይሄዳል፣ አብረው አይሰሙም። ለምን?

ሽቦ በጣጥስ፦
ኤፍኤም እንደዛ ነው፣ በጥቂት ዴሲቤል የበለጠው ሌላውን ይውጠዋል። ኤኤም ቢሆን ሁለቱንም ከነፉጨቱ ትሰማ ነበር። ተራራም ሁለት ፊት አለው፣ ጮቄ መሀል ላይ ስለቆመ ከወዲያ የሚመጣውን ይከልልልሃል፣ ጫፉ ላይ ማሰራጫ ብትተክል ግን ስንቱን ወረዳ ትረብሻለህ።
@የዳሞቱ፣ ሞኖ አርገው፣ ካልሆነ ጣራ ላይ እንደ ድሮው የቲቪ አንቴና ጣት ጣት ያለውን ሰቅለህ ወደ ራስህ ጣቢያ አዙረው።

የዳሞቱ፦
ሞኖ አረኩት፣ ሹሹታው ቀነሰ፣ መዝሙሩ ግን ዛሬም መጥቷል። ቅዳሜ ጣራ ላይ ወጣለሁ፣ መሰላል ያላችሁ።