የታኮማ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሲሞቅ 3ኛ አይዝም፤ ለዳገት ላሠራው ወይስ ለሩጫ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጀመዓ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናው የ1999 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ታኮማ ነው። 3.4 ቪ6 ቤንዚን፣ ፎር ዊል፣ ኦቶማቲክ። አጎቴ ዴንቨር ኖሮ ሲመለስ በኮንቴይነር ይዞት የመጣ ነው። እዚያ እያለ ቀን ቀን ሥራ ይሄድበታል። አንዳንድ ማታ ደግሞ ባንዲሜር የሚባል የድራግ ሜዳ ይወስደዋል። ማንም ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ ገብቶ ሰዓት የሚያስይዝበት ምሽት ነበራቸው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ 402 ሜትር። አረንጓዴው ሲበራ መርገጥ ነው። 17 ሰከንድ ከምናምን ገብቻለሁ ይላል። የሰዓቱን ወረቀት እስከ ዛሬ የሹፌሩ ፀሐይ መከላከያ ላይ ሰክቶታል፤ ልነካው አልደፍርም።

ለዚያ ሩጫ ብሎ ካምቢዮው ውስጥ ሺፍት ኪት (ማርሽ ቶሎና ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ የሚያደርግ ዕቃ) አስገጥሞበታል። ማርሽ ሲቀይር ወገብ ይመታል። ልጅ ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን መኪናው እኔ እጅ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ማመላለስ ነው። 14 ከረጢት እጭናለሁ። አንዳንዴ 16 (አትቆጡኝ)።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲያድር ምንም የለበትም። ዳገቱን ጀምሬ ግማሽ ላይ ስደርስ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲቀይር ሞተሩ በባዶው ይጮኻል፣ ከዚያ ዱብ ብሎ ይይዛል። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ አልያዘም። በ2ኛ እየተጎተትኩ ደሴ ገባሁ። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ እጁን ከጥሩምባው አላነሳም። ሰኞ ገበያ ደርሼ ላራግፍ ሪቨርስ ሳስገባ ደግሞ መኪናው ቆሞ ያስባል። በስልኬ ያዝኩት፤ 3 ሰከንድ። ዘይቱ ጥቁር ቡና መስሏል፣ ሽታው ያረረ ሽሮ ነው።

አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር። ስሙን ተዉት። ዘይት ቀየሩና «አልቋል፣ ንዳው» አሉኝ። 3 ቀን ሄደ።

እንግዲህ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ጠቡ እዚህ ላይ ነው። አጎቴ «ከተከፈተ አይቀር ለሩጫ ይሠራ» ይላል። ሃይ ስቶል ኮንቨርተር (ኮንቨርተር የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው ነው)፣ ተጨማሪ የክላች ሸራ፣ ከበፊቱ የባሰ ሺፍት ኪት። ማታ ማታ የአሜሪካኖቹን ቪዲዮ ይልክልኛል። ያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,770 ሜትር አካባቢ ነበር፤ እንደ ኮምቦልቻ ማለት ነው፤ «አየሩም ያው ነው» ይለኛል። የት ሊሮጥበት እንዳሰበ ግን አልነገረኝም። እኔ የምፈልገው ዳገት የሚወጣ መኪና ነው። ማናችን ነን ልክ?

ሹፌር ነኝ

ሽጠው። ማንዋል ግዛ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

የአጎቴን መኪና ሽጬ የት ልግባ?

እጀ ዘይት (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ። ጅዳ 9 ዓመት ኦቶማቲክ ካምቢዮ ስከፍት ነው የኖርኩት። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በዓመት የሚደርሰኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ካስረዘምኩብህ ናፍቆት ነው ብለህ እለፈኝ።

ያንተ ካምቢዮ ኤ340ኤፍ ይባላል። የጃፓኑ አይሲን የሠራው ነው። ዘመዱ ብዙ ነው። የድሮው ጂፕ ቼሮኪ ውስጥ ኤደብሊው4 ተብሎ ገብቷል። ቶዮታ ሱፕራ ውስጥም ወንድሙ አለ፤ ሱፕራ ለድራግ የሚያዘጋጁት ሰዎች ይሄንኑ ቤተሰብ ነው የሚከፍቱት። አጎትህ ነገሩን ከሰማይ አላወረዱትም።

አሁን በሽታውን እንየው። 3ኛ ያንሸራትታል ብለሃል። ሪቨርስ ይዘገያል ብለሃል። ሁለት በሽታ አድርገህ አትያዛቸው። በዚህ ካምቢዮ 3ኛም ሪቨርስም አንድ የጋራ ክላች አላቸው። የፋብሪካው መጽሐፍ ሲ2 ይለዋል። 1ኛና 2ኛ እሱን አይፈልጉትም። ደሴ ድረስ በ2ኛ የገባኸው ለዚህ ነው። ማርሹ እስኪይዝ ቶዮታ ከኤን (ነጻ) ወደ ዲ (ወደፊት) 1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር (ሪቨርስ) 1.5 ሰከንድ ነው የሚፈቅደው። አንተ 3 ቆጥረሃል።

ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚብስበት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሸራው ብቻ አይደለም። ክላቹን የሚገፋው ፒስተን ዙሪያ ላስቲክ አለው። ያ ላስቲክ ደርቋል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በደረቀው ላስቲክ በኩል ያመልጣል፣ ግፊት ይጎድላል። ሸራው በግማሽ ጉልበት ተጨብጦ እየተፋጨ ይነዳል። የሸተተህ ሽሮ እሱ ነው። አዲስ ዘይት የደረቀ ላስቲክ አያለሰልስም፤ 3 ቀን መሄዱም ይገርመኛል። በዚያ ላይ ዘይት ስታወርድ ከግማሽ በታች ነው የሚወጣው፤ የቀረው በብዛት ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው።

ወደ ጠባችሁ ልምጣ። ድራግ ካምቢዮን የሚገድለው በምት ነው። ቆሞ፣ ሞተሩ ጮኾ፣ ባንዴ ይለቀቃል። 17 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ወረፋ ጥበቃ ላይ ይቀዘቅዛል። የኛ ዳገት የሚገድለው በሙቀት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በ20 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ 650 ሜትር ሽቅብ ትወጣለህ፣ ያውም ሲሚንቶ ይዘህ፣ ከሲኖ ትራክ ኋላ እየተንፏቀቅክ። በዚያ ፍጥነት ራዲያተሩን ነፋስ በቅጡ አይነካውም።

ሙቀቱ በብዛት የሚወለደው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጥ። አንዱን ብቻ አብራ። ነፋሱ ሌላውን ያዞረዋል፣ ግን እኩል አይዞሩም። ኮንቨርተርም እንደዚያው ነው፤ በነፋስ ፋንታ ዘይት ነው። በሁለቱ መሀል የሚጠፋው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ሃይ ስቶል የሚሉት ይሄንን ልዩነት ሆን ብሎ ያሰፋዋል፤ ሞተሩ ጉልበቱ ያለበት ዙር ላይ ደርሶ መኪናው እንዲስፈነጠር። ለ402 ሜትር ግሩም ነው። 14 ከረጢት ይዘህ ለ40 ደቂቃ ግን ድስት ጥደሃል ማለት ነው። ከ80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በየ11 ዲግሪው የዘይት ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል የካምቢዮ ሠሪዎች የድሮ ስሌት አለ። ከዚያ በኋላ ተራው የላስቲኮቹ ነው።

ተጨማሪ ሸራውንም ተወው። ቦታው የተለካ ነው። ሸራ ለመጨመር በመሀል ያሉትን ብረቶች ማቅጠን አለብህ። ሙቀቱን የሚጠጣልህ ደግሞ ብረቱ ነው።

ሺፍት ኪቱን ግን እንዳታወጣው። አዎ፣ በዚህ ከአጎትህ ጋር ነኝ። ልከኛ ከሆነ ክላቹን ቶሎ ያስጨብጠዋል፣ የሚፋጭበት ጊዜ ያጥራል። ለጭነትም ይጠቅማል። የባሰውን ግን አትጨምር፤ ወገብህም ካርዳኑም አይችሉትም።

የሚተርፍህ ብር ካለ ለካምቢዮ ዘይት ብቻ የሚሆን ትንሽ ራዲያተር ገዝተህ ከዋናው ፊት አስገጥም። ዋናውንም እየው። የዚያ ዘመን ታኮማ ራዲያተሩ ውስጥ ለውስጥ ይቀደድና ውሃና ዘይት ይቀላቅላል። ዘይቱ ወተት የገባበት እንጆሪ ጁስ መስሎ ከወጣ ካምቢዮህ ውሃ ጠጥቷል። ያንተ ቡና መሆኑ በዚህ በኩል ደግ ነው።

ሶማሌ ተራ ሰፈሬ (አዲስ አበባ)

የጋሼ ትንታኔ ላይ የምጨምረው የለኝም፣ ስለ ዕቃው ብቻ። እዚህ ሶማሌ ተራ ሙሉ ያገለገለ ካምቢዮ «ግጠምና ሂድ» ብለው ያሳዩሃል። እንደ ሎተሪ ነው፤ ከፍቶ የሚያሳይህ የለም። የግድ ከሆነ ኮዱን እይ። በሁለት ጎማ የሚነዳው (ፎር ዊል ያልሆነው) ኤ340ኢ ነው፣ ያንተ ኤፍ ነው፤ ከኋላ በኩል አይገናኙም። አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ገዝቶ ሐይቅ ድረስ ጭኖ ወስዶ ነው ያወቀው። ያንተን ብትከፍትና የላስቲክና የሸራ ኪት ብታስመጣ ይሻልሃል።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ), ከ5 ሳምንት በኋላ

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ቃል በቃል ሆነ። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ጋ አወረድነው። ሲ2ን ስንፈታው ሸራው ረግፎ ባዶ ቆርቆሮ ቀርቷል። ብረቶቹ ሰማያዊ ሆነዋል፤ በእሳት የተያዘ ቢላ እንደሚሆነው። የፒስተኑን ላስቲክ በጥፍሬ ላነሳው ስል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ላስቲክ እኮ ነው! ለአጎቴ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «ይሄ የሲሚንቶ ሥራ ነው» ብሎ ሄደ።

ኪቱ መጥቷል። ኮንቨርተሩ እንደ ፋብሪካው የታደሰ ነው። ከመግጠሜ በፊት ምን ልጠንቀቅ? ሁለተኛ ማውረድ አልችልም፤ ጓደኛዬም ከዚህ በኋላ ስልኬን አያነሳም።

እጀ ዘይት (ደሴ)

መጀመሪያ ቦታውን አጽዳ። የምትሠራበት ጠረጴዛ እንጀራ የሚጋገርበት ይምሰል። የጨርቅ ብናኝ እንኳ ቫልቭ ቦዲ (ዘይቱን ለየክላቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ገብቶ ቫልቭ ይይዛል። ስለዚህ በጨርቅ አትጥረግ፣ በኮምፕሬሰር ንፋ።

አዲሱን ሸራ በደረቁ እንዳትገጥም። ዴክስሮን 3 የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፤ እኔ አሳድረዋለሁ። ላስቲኮቹን በዚያው ዘይት አርስ። ቀጫጭን ቀለበቶችን ቦታቸው ላይ የምታጣብቀው በቫዝሊን ነው። በግሪስ እንዳይሆን። ቫዝሊን ሲሞቅ ሟሙቶ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል፤ ግሪስ ቀዳዳ ይደፍናል።

ሲ2ን ከገጠምክ በኋላ፣ ሳትዘጋው፣ በዘይት መግቢያው ቀዳዳ ንፋስ ስጠው። የጎማ ግፊት እጥፍ ያህል ይበቃል። ጆሮህን አቅርብ። ጥብ ብሎ መጨበጥ፣ ስትለቅ ጥብ ብሎ መመለስ አለበት። ፊስስስ እያለ ከቀጠለ ላስቲኩን ስታስገባ ከንፈሩን አጥፈኸዋል። ሰነፍ መካኒክ «ዘይት ሲገባው ይዘጋል» ይልሃል። አይዘጋም። ያን ጊዜውኑ ፍታው።

አሁን ኮንቨርተሩ። ዘንጉ ላይ ስታስገባው እያዞርክ ግፋ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቋ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዴ ቋ ስላለ ገባ ብለህ አትቁም። ከዚያ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ስታጋጥም በእጅ ግፊት ብቻ ፊት ለፊት መሳም አለበት። ክፍተት ኖሮ በብሎን እየሳብክ ካስጠጋኸው ፓምፑን ሰበርከው። ጅዳ እያለሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰብሬ የ2 ወር ደሞዜን ከፍያለሁ።

የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹን ሳታጥብ አትግጠም፤ የድሮው የሸራ ዱቄት እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ከጋዙ ወደ ካምቢዮ የሚወርደውን ካቦም አትርሳ። ብዙ ሰው ማርሽ መቀየሪያ ይመስለዋል። የዘይቱን ግፊት የሚያስተካክለው እሱ ነው። ላልቶ ከተተወ ግፊቱ ያንሳል፣ አዲሱ ሸራ በወሩ ይነዳል። ሰው ጋዙን እስከ መጨረሻው ይርገጥልህ፤ ካቦው ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ከካቦው ላስቲክ ሽፋን ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ላይ መሆን አለባት።

ስትወጣ ኦቨርድራይቩን (4ኛውን) አጥፋው፤ 3ኛና 4ኛ መሀል እንዳይዋልል። ስትወርድ በ2ኛ ውረድ። ፍሬን ለደሴ ቁልቁለት ብቻውን አይበቃም፣ ይሄን ላንተ መንገር የለብኝም።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ኮንቨርተሩ ሦስተኛውን ቋ እስኪል ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሁለተኛው ላይ ጓደኛዬ «በቃ ገባ» እያለ ሲለምነኝ ነበር።

ትናንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። 10 ከረጢት ብቻ። አጎቴ ካልሄድኩ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ተከናንቦ። ዳገቱ ግማሽ ላይ፣ ያ ሁሌ የሚጮኽበት ቦታ ስንደርስ፣ ሁለታችንም ዝም አልን። 3ኛ ገባ። ጥብ። ወገባችንን ትንሽ መታን። አጎቴ ፈገግ አለ፣ ምንም አልተናገረም። ሰኞ ገበያ ሪቨርስ 1 ሰከንድ አልሞላም። ዘይቱን ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱ እንዳለ አየሁት፤ ቀይ ነው፣ አይሸትም።

ስንመለስ ወረቀቱን ከፀሐይ መከላከያው አውጥቶ ሲያየው ነበር። ሜዳው በ2023 እ.ኤ.አ. እንደተዘጋ ነገረኝ። አዝኜለት ዝም አልኩ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ ዞር ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አስፋልቱ ስንት ሜትር ይሆናል?»

ሹፌር ነኝ

ሽጠው ያልኩህ ለዚህ ነበር።