የቆዳ ሙጫዬ እንጨቱን አልይዝ አለ
ሰላም ወገኖች፣ ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ከወይራ እንጨት ደጋን እየሠራሁ ነው፤ ጀርባውን በበሬ ጅማት ለብጬ። ሙጫውን ራሴ አዘጋጀሁት። ጥሬ የበሬ ቆዳ ፀጉሩን ፍቄ፣ 2 ቀን ዘፍዝፌ፣ በሸክላ ድስት 6 ሰዓት ከሰል ላይ አቆየሁት። ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነበር፤ ቴርሞሜትር ስለሌለኝ ግን ሁለቴ ፈላብኝ። ያም ሆኖ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ ረጋ። ጅማቱን ቀጥቅጬ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ሙጫው ውስጥ ነክሬ ለጠፍኩት። 3 ሳምንት ጥላ ውስጥ ደረቀ። እንዴት ያምር ነበር! ትንሽ ሳጎብጠው ከጫፉ ተላቀቀ። ሙጫው ጅማቱ ላይ ቀርቷል፤ እንጨቱ ንጹሕ ነው። ወይራ ደግሞ ቅባታም ነው፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ከማለስለስ በቀር ምንም አላደረግኩለትም። የደጋን ወይም የክራር ሥራ የምታውቁ፣ ጥፋቱ የሙጫው መፍላት ነው ወይስ የእንጨቱ ቅባት?