ፍሪሲዮን ከተቀየረ በኋላ ማርሽ አልገባ ስላለ መኪና የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የመኪናዬ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታ አንድ ላይ ከተቀየሩ ወዲህ፣ ሞተሩ እየሠራ አንደኛ ማርሽ የሚገባው በግድ ሲሆን፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦም እየጮኸ ይፋጫል። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም ማርሾች በቀላሉ ስለሚገቡ፣ ችግሩ ከካምቢዮው ሳይሆን ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካለመላቀቁ የመጣ ይመስለኛል።

ፔዳሉ ደጋግሞ ሲረገጥ ማርሹ ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ይህም የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሪሲዮኑ በሚያደርሰው የዘይት መስመር ውስጥ አየር መቅረቱን ወይም ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ፓምፕ ግፊት አለመያዙን ያመለክታል። ይሁን እንጂ አየሩ እንዲወጣ ተደርጎም ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዘይቱም አልቀነሰም። መካኒኩ «ዲስኩ አዲስ ስለሆነ እየተነዳ ይስተካከላል» ቢለኝም፣ አዲስ ዲስክ መላመድ የሚያስፈልገው አጥብቆ ለመያዝ እንጂ ለመላቀቅ ባለመሆኑ አባባሉ አላሳመነኝም።

ካምቢዮው እንደገና ከመውረዱ በፊት፣ የዘይት ግፊት ችግርን ከዲስኩ ተገልብጦ መታሰር ወይም በካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ላይ እንደ ልብ ካለመንሸራተቱ ለመለየት፣ የታችኛው ፓምፕ (በካምቢዮው በኩል ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው) ዘንግ የሚገፋውን ርቀት መለካት በቂ ነውን? ርቀቱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘስ፣ ካምቢዮውን ከማውረድ ሌላ አማራጭ ይኖራልን?