የአባቴ 386 ኮምፒውተር ከቁም ሳጥን ጀርባ ወጣ፣ ፋይሎቹን ሳላበላሽ እንዴት ላውጣቸው?

ኮደሯ_ከግንፍሌ

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ፣ ከረዘመ ይቅርታ። ባለፈው ቅዳሜ ግንፍሌ እማዬ ቤት ዕቃ ስናወጣ ስናስገባ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በአንሶላ የተጠቀለለ የአባዬ ኮምፒውተር ወጣ፣ 386 የሚባለው የድሮ ፕሮሰሰር ያለው ነው፣ በ1987 ዓ.ም. የገዛው፣ ሞኒተሩም ኪቦርዱም አብሮት አለ። እማዬ "ቦታ ያዘብን፣ ለቆራሌው ስጪው" ትላለች፣ ቆራሌው ደሞ በዛው ሰዓት በር ላይ ደርሶ ይጣራል፣ እኔ ኬዙን አቅፌ አስቀረሁት።

አባዬ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ቃለ ጉባኤው፣ የአባላቱ ስም ዝርዝር፣ ለጎረቤት ሁሉ በነጻ የሚጽፈው ማመልከቻ፣ ሁሉንም ማታ ማታ እዚህ ላይ ነው የሚጽፈው። ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ለኔም ኪውቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስተማረኝ በዚሁ ማሽን ነው፣ ዘጠኝ ዓመቴ እያለ የእድሩን ወርሃዊ መዋጮ የሚደምር ፕሮግራም ጽፌለት ነበር፣ እሱም ውስጡ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ፕሮግራመር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጃቫስክሪፕትና ሚቲንግ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ ቤት ስገባ ላፕቶፕ ለመክፈት አይኔ አይፈልግም። ይሄን ማሽን ካየሁ ጀምሮ ግን ከስራ የምወጣበትን ሰዓት ነው የምቆጥረው።

ሶኬት ላይ ልሰካው? ዲስኩንስ በምን ላንብበው? አማርኛው ደሞ ዊንዶውስ 3.1 ላይ የተጻፈ ነው፣ ዛሬ ይከፈታል?

ብየዳ_ነኝ

እህቴ እባክሽ እንዳትሰኪው!! መጀመሪያ ከኋላ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ያለችውን ቀይ መቀያየሪያ እዪ፣ 115 ላይ ከሆነች የኛ 220 ያቃጥለዋል፣ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው። ቀጥሎ ኬዙን ክፈቺና ማዘርቦርዱ ላይ ኪቦርዱ የሚሰካበት ጥግ አካባቢ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ በርሜል የምትመስል ባትሪ ፈልጊ። ኒኬል ካድሚየም ናት፣ 3.6 ቮልት፣ በነዛ ቦርዶች ላይ ትልቋ ገዳይ እሷ ናት፣ ከዓመታት በኋላ ታፈስና የመዳቡን መስመር ትበላዋለች። ፈሰሰችም አልፈሰሰችም ቁረጪና አውጫት። አረንጓዴ ዝገት ካየሽ ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ አሲድ ነው የሚያመክነው፣ አቼቶ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክረሽ ቀባ ቀባ፣ አረፋው ሲያቆም በንጹህ ውሃ፣ ከዛ በአልኮል። አልኮሉን ሞባይል ጠጋኞች ጋ ጠይቂ፣ የፋርማሲው ውሃ ይበዛበታል። ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ።

ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡት ሁለቱ የፓወር ሶኬቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ መልሰሽ ስትሰኪ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ከተቀያየሩ ቦርዱ አለቀ። ሞኒተሩን ደሞ በፍጹም እንዳትከፍቺው፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ቱቦው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ፔንጉዊን_ፒያሳ

ዲስኩን በራሱ ማሽን ለማስነሳት አትቸኩዪ፣ አንዴ ብቻ ሊሰራ ይችላል፣ ያቺን አንዴ ለኮፒ አስቀምጫት። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የአይዲኢ (የድሮ ዲስክ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ እንዲህ ያለ የድሮ ዲስክ ብዙ ጊዜ አያነብም፣ ምክንያቱም መቀየሪያው የሚያውቀው ኤልቢኤ የሚባለውን፣ ቦታውን በአንድ ተራ ቁጥር የሚጠራውን አድራሻ ነው፣ የዛን ጊዜ ትንንሽ ዲስኮች ግን በሲሊንደር (ክብ መስመሩ) በሄድ (ማንበቢያው) በሴክተር (የመስመሩ ቁራጭ) ካልጠሯቸው አይመልሱም። እኔ ሁለት መቀየሪያ ገዝቼ ሁለቱም አልሰሩልኝም፣ ዲስኩ ሞቷል ብዬ ልጥለው ነበር። መጨረሻ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚሸጡ ልጆች እውነተኛ አይዲኢ ሶኬት ያለው አሮጌ ፔንቲየም 4 ገዛሁ፣ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ዲዲሬስኪዩ በሚባል ፕሮግራም ሙሉ ኢሜጁን፣ ማለትም የዲስኩን ቅጂ በአንድ ፋይል፣ አወጣሁ። ዲዲሬስኪዩ ደህናውን ቦታ አስቀድሞ ያነባል፣ የተበላሸው ላይ ኋላ ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ተርፏል። ዩፒኤስ ከሌለሽ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጪ።

የዲስኩን ሌብልም ፎቶ አንሺው። ባትሪዋ ስትወጣ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቅንብሩን ሁሉ ይረሳል፣ በኋላ 386ቱን ራሱን ስታስነሺ የሲሊንደርና የሄድ ቁጥሩን በእጅሽ ነው የምታስገቢው።

ክላውድ_ብቻ

ኢሜጁ ከወጣ ዶስቦክስ (የድሮ ኮምፒውተርን በአዲሱ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ማስኬድ ይበቃል እኮ፣ ብረቱን ማስቀመጥ ምን ያደርጋል? ቤታችን ጠባብ ነው ሁላችንም።

ብየዳ_ነኝ

አልስማማም። ኪቦርዱን ነክተሽ፣ ዲስኩ ሲሽከረከር ሰምተሽ የምትሰሪው ሌላ ነው። እኔ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ኮሞዶር 64ቴ ጋ ነው የምቀመጠው፣ የ1982 ማሽን፣ 64 ኪሎባይት፣ እያንዳንዷ ባይት የት እንዳለች አውቃለሁ፣ በስራዬ ላይ እንደዛ የማውቀው ነገር የለም።

ጋሼ_ፍሎፒ

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ስለ አማርኛው እኔ ልንገርሽ፣ በዛን ዘመን ጽሕፈት ላይ ነው የኖርኩት። ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ነው፣ ከዛ በፊት ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 256 ቦታ ብቻ። የኛ ፊደል 33 በ7 ብቻ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ አይገባም። ስለዚህ አንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን ለሁለት ለሶስት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ ደሞ ግንዱን ለብቻ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ "ሙ"ን ከ"መ"ና ከጎን ጭረት ይገጣጥማል። ሁሉም የየራሱ ኮድ ነበረው፣ አንዱ መስሪያ ቤት የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም፣ ደብዳቤ በፍሎፒ ስንልክ ፎንቱን አብረን እንልክ ነበር።

እና አደራ፣ ፋይሉን ወደ ተራ ቴክስት እንዳትቀይሪው! የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው አንድ ላይ ይደባለቃል። በኢሜጁ ላይ ዊንዶውሱን አስነስተሽ በራሱ ዎርድ ክፈቺውና አርቲኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሴቭ አድርጊ፣ አርቲኤፍ የፎንቱን ስም ይይዛል። ፎንቱን ራሱን ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም የሚለው ዳይሬክተሪ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ፎንትፎርጅ በሚባለው የፎንት ማረሚያ ፕሮግራም ክፈቺና የቱ ኮድ የቱ ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ አውጪ። ከዛ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራሙን መጻፍ ላንቺ ቀላል ነው፣ ዩኒኮድ ላይ ሀ በሄክስ (በ16 መሰረት በሚቆጠረው ቁጥር) 1200 ነው፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218፣ በስምንት በስምንት ይሄዳል። ቅጥያ ያለው ፎንት ከሆነ ረጅሙን ጥምረት አስቀድሚ፣ አለበለዚያ "ሙ" "መ" ሆኖ ይቀርብሻል።

ኮደሯ_ከግንፍሌ

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪዋ ፈስሳ ነበር ግን ከሁለት መስመር አላለፈችም፣ በአቼቶ ጸዳ። ቀይዋ መቀያየሪያ 230 ላይ ነበረች፣ ለኛ መብራት ትሆናለች። ዲስኩ 40 ሜጋ ነው፣ አንድ የስራ ባልደረባዬ አሮጌ ኮምፒውተር አዋሰኝና ኢሜጁ ወጣ፣ 11 ሴክተር ብቻ እምቢ አለ።

የኪውቤዚክ ፋይሌ ተራ ቴክስት ስለሆነ ምንም ሳልቀይር ተከፈተ። ያኔ የጻፍኩት 30 መስመር አይሞላም። ከስር ግን እኔ ያልጻፍኩት አንድ የማስታወሻ መስመር አለ፣ በላቲን ፊደል በአማርኛ፣ ቀን ተጽፎበት፣ "ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬዋለሁ፣ ትክክል ነው" ይላል። አባዬ ነው። ለኔ ነግሮኝ አያውቅም፣ በልጅ ፕሮግራም የእድር ገንዘብ ስለማይደመር ለካ ቁጭ ብሎ በእጁ ደምሮ አይቶታል። ለእማዬ አነበብኩላት፣ ኮምፒውተሩ አሁን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ዳንቴል አልብሳዋለች።

ጋሼ፣ ፎንቱ እንዳሉት ባለ ቅጥያው ነው፣ መቀየሪያውን ጽፌ ቃለ ጉባኤዎቹ እየወጡ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልፈታ አለኝ፣ "ኳ" እና "ቋ" ሁለቱም "ኳ" ሆነው ይመጣሉ።

ጋሼ_ፍሎፒ

ጎበዝ ልጄ። ቅጥያው የጋራ ነው፣ ሰንጠረዥሽ ላይ ግንዱን ሳታዪ ቅጥያውን ብቻ ወደ "ኳ" አስረሽዋል። ግንዱን ከነቅጥያው አንድ ላይ አስገቢ፣ "ጓ" እና "ኋ"ንም እዛው እዪያቸው፣ እነሱም እንደዛው ሳይሳሳቱ አይቀሩም።