ቀሳ «ይወጣል» ወይስ «ይገባል»?

ሰብለ ዘሼፊልድ፦ ሰላም ቤቶች። አንድ ዓረፍተ ነገር አላስተኛኝም። ማኅበራችን ኢም የምትባል በእንግሊዝ አገር ያለች የዳርቢሻየር መንደር ሊጎበኝ ነው፤ ማብራሪያውን አንቺ ጻፊ ተባልኩ። «የኢም ሰዎች በሰኔ 1666 ቀሳ ገቡ» ብዬ (በወረርሽኝ ጊዜ ከሌላው ሰው ተለይተው ተቀመጡ ለማለት ነው) ለእማዬ በስልክ ባነብላት ሳቀችብኝ። «ቀሳ ይወጡታል እንጂ ይገቡታል እንዴ?» አለች።

ግን እኮ የኢም ሰዎች የትም አልወጡም! ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ)። በ1665 ከለንደን ለልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ መጣ። እርጥብ ስለነበር ጆርጅ ቪከርስ የሚባለው ሠራተኛ እሳት ዳር አሰጣው። ቁንጫው ከዚያ ተነሣ ይባላል። ቪከርስ በመስከረም ሞተ፤ ወረርሽኙ፣ ቸነፈሩ ማለት ነው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሄደ። በሰኔ 1666 ማንም ከመንደሩ ወሰን እንዳያልፍ ተስማሙ። በ14 ወር 260 ሰው ገደማ አለቀ። ታዲያ ወጡ ልበል ገቡ?

አባ ጉንዳን፦ እናትሽ ልክ ናቸው። አያቴ ሲያወሩ «በፈንጣጣው ጊዜ ቀሳ ወጣን» ነው የሚሉት። ቤት ጥለህ፣ ጫካ ዳር ጎጆ ቀልሰህ መቀመጥ ነው። የገባህበት ከሆነ ውሸባ በይው። በኮሮና ጊዜ ሰምተን የለ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ወገኖች፣ ሥሩን ሳናውቅ ቅርንጫፉ ላይ አንንጠልጠል። ቀሳ ከ«ቀሠፈ» የመጣ ነው። መቅሠፍት ሲመጣ የሚደረግ ስለሆነ። «ፈ» በአነጋገር ብዛት ወደቀች።

ጦቢያው፦ ወደቀች? ማን ገፋት? 😂 እኔ ከ«ቄስ» ነው ባይ ነኝ። እዩት የኢምን ታሪክ፤ ሰዉን አሳምኖ ያስቀመጠው ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን አይደለም? ቄስ ያዘዘው፣ ቀሳ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ወንድሜ፣ ቄስ ከ«ቀሲስ» ነው፤ ቀሲስ ደግሞ ከሱርስት የመጣ፣ ትርጉሙ ሽማግሌ። ይህን ለማወቅ ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ በደጁ ማለፍ ይበቃል።

ወለተ ማርያም፦ ቄሱ ብቻውን አላደረገውም። ሞምፐሰን አዲስ መጤ ነበር፤ ሰዉ አይሰማውም። ከሱ በፊት የነበረው ቶማስ ስታንሊ አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም ብሎ በ1662 ተባሯል፤ ምእመኑ ግን ልቡ ከሱ ጋር ነው። ሁለቱ ተስማምተው ነው ሕዝቡን ያናገሩት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በትምህርት ይጣሉ የነበሩት ካራና ቅባት በአንድ ዐውደ ምሕረት እንደማለት አስቡት። በዚያ ላይ ሞምፐሰን የራሱን ልጆች አስቀድሞ ወደ ዮርክሻየር ልኳል። ልጆቹ ቀሳ ወጡ፤ መንደሩ ተቀመጠ። ሚስቱ ካትሪን እምቢ ብላ አብራው ቀረች፣ በነሐሴ ሞተች።

አባ ጉንዳን፦ «ልጆቹ ቀሳ ወጡ» አልሽ አይደል? በራስሽ አፍ መሰከርሽ። መውጣት ነው።

ጦቢያው፦ ቆይ፣ የመንደሩ ስምስ? ኢም ማለት «እም» ነው፣ እናት። ልጆቿን ያቀፈች መንደር። በቃ ጨረስኩ።

ሰብለ ዘሼፊልድ፦ አልጨረስክም 😅 በጥንቱ እንግሊዝኛ «ደሴቶች» ማለት ነው፤ በወንዞች መካከል ያለ መሬት። ሲጻፍ ፊደሉ የመንደር ስም መጨረሻ የሆነውን «ሃም» ይመስላል፤ እኔም ተሸውጄበት ነበር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ደሰያት! እንግዲያው «ደሰያት ተዘግተው ደሴት ሆኑ» ብትይ ሰምም ወርቅም አለው። በነጻ ሰጥቼሻለሁ።

ወለተ ማርያም፦ እኔ ግን «ወጡ» የሚለውም ያስኬዳል እላለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ «ከክለት ዴልፍ» በሚባለው ሸለቆ ሜዳ ላይ ሆነ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ ይቆማል። ቀብርም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሆኑ ቀረ። ኤልዛቤት ሃንኮክ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ እርሻዋ ላይ ራሷ ቀበረች። መቃብሮቹ ዛሬም በድንጋይ ታጥረው መስኩ መሀል አሉ። ባለፈው ዓመት ሄጄ ቆሜባቸዋለሁ። በጎች ይግጣሉ።

አባ ጉንዳን፦ ነፍስ ይማር። ምግቡን ከየት አመጡት?

ወለተ ማርያም፦ የዴቮንሻየሩ ኧርል (ባላባት) ቻትስወርዝ ከሚባለው ቤቱ ይልክ ነበር። ጎረቤት መንደሮችም ወሰኑ ላይ እያስቀመጡ ይሄዳሉ። የወሰን ድንጋይ አለ፣ ስድስት ጉድጓድ የተፈለፈለበት። ሆምጣጤ ይሞሉትና ሳንቲሙን እዚያ ይነክሩታል፣ በሽታው እንዳይሻገር። ጣቴን ከትቼበታለሁ፤ ጫፉ በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል።

ጦቢያው፦ ሆምጣጤ ከ«ሆመጠጠ» ነው ወይስ ሆመጠጠ ከሆምጣጤ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አንተ ልጅ ለዚህ ሌላ ርዕስ ክፈት።

ሰብለ ዘሼፊልድ፦ ኧረ ሰዎች፣ ወረቀቱ ነገ ይታተማል! ጉዞው ኢሞች ሙታኖቻቸውን በሚያስቡበት በነሐሴ መጨረሻ እሑድ ነው። ወጡ ልጻፍ ገቡ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አትቸኩዪ እኅቴ። መጀመሪያ ቀሳ በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው? እሱን ሳንወስን ማተሚያ ቤት አይኬድም።

አባ ጉንዳን፦ በእሳቱ ነው።

ጦቢያው፦ በንጉሡ!