ለፍላይት ሲሙሌተር የሚሆን የቤት ኮምፒውተር፦ ምን ይገዛ፣ የት ይገዛ፣ ምን ይስተካከል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ታወር ነው። ኮር አይ7-8700፣ ባለ 16 ጊጋ አንድ ራም፣ ሃርድ ዲስክ፤ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራው ካርድ) የለውም። በኮምፒውተር አውሮፕላን ከሚያበርሩት ሲሙሌተሮች ኤክስፕሌን 12ን ወይም የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024ን ማብረር እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ምን ገዝቼ፣ የት አስገጥሜ ነው ሳይቆራረጥ የሚሄድልኝ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሲሙሌተሩን ምረጥ፤ የምትገዛው ዕቃ በሱ ነው የሚወሰነው። የማይክሮሶፍቱ 2024 መሬቱንና ሕንፃውን እየበረርክ ሳለ ነው ከኢንተርኔት የሚያወርደው። ድርጅቱ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ይላል፤ የሚመክረው 50 ነው። ቤትህ ፋይበር ገብቶ ያልተገደበ ፓኬጅ ካለህ ሞክረው። በሞባይል ዳታ ግን፣ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም፣ አልመክርህም። ፓኬጁ ቶሎ ያልቃል፣ መስመሩ ሲደክም ደግሞ ከታችህ ያለው ከተማ የቀለጠ ሰም ይመስላል።

ኤክስፕሌን 12 አንዴ ከወረደ መሬቱ ሁሉ ያንተ ዲስክ ላይ ነው። ሲጫን የምትፈልገውን አካባቢ ብቻ መርጠህ ማውረድ ትችላለህ፤ አፍሪካን ብቻ ይዘህ ጀምር። ላንተ ማሽን የምመርጠው ይሄን ነው። ግዢው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ፣ ከመክፈልህ በፊት ነፃ መሞከሪያውን አውርደህ ኮምፒውተርህን ፈትንበት። የክፍያ ካርዱ ካልተገኘ ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ መልኩ ያረጀ ይመስላል እንጂ ለመሣሪያ በረራ (ውጭውን ሳያዩ በኮክፒት መሣሪያዎች መብረር) ልምምድ አያንስም።

መልስ፦
በዚህ ማሽን ላይ ሰው የሚሳሳተው ፓወር ሳፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) ሳያይ ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ ነው። ታወሩ ላይ የሚመጣው 260 ዋት ነው (ክዳኑን ከፍተህ ስቲከሩን አንብብ)። ሶኬቶቹ የዴል የራሱ ስለሆኑ ገበያ ላይ ያለውን ተራ ፓወር ሳፕላይ እንዳለ አትሰካለትም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ፣ ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ ነው የምትፈልገው። ምርጫህ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ ወይም አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ ነው፤ ብር ከደረሰልህ ሁለተኛው። 4 ጊጋ ለኤክስፕሌን 12 ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላም ምስሉ ይደበዝዛል፣ በረራው ይቆራረጣል።

ተጠንቀቅ፦ ሻጩ "3050" ሲልህ ባለ 8 ጊጋውም 3050 ነው፤ እሱ ግን እስከ 130 ዋት ይወስዳል፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድም ይፈልጋል። 1650ም ቢሆን ባለ ስድስት ፒን ሶኬት ያለው ዓይነት አለ። ስሙን ትተህ የካርዱን ጠርዝ እይ፤ የኃይል ሶኬት ካለበት መልስለት።

ራሙን በተመለከተ፣ አንድ ብቻውን ያለ 16 ጊጋ በአንድ መስመር ነው የሚሠራው፤ ፕሮሰሰሩ ከራም የሚያገኘው ፍጥነት ግማሽ ይሆናል። ሌላ 16 ጊጋ ዲዲአር4 2666 ጨምር፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቀለም ማስገቢያ ይግቡ። ከዚያ ሲፒዩ-ዜድ የሚባለውን የኮምፒውተር መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍተህ የሜሞሪው ገጽ "ዱዋል" ማለቱን አረጋግጥ። በራሳችሁ ማዘርቦርድ ያስገጣጠማችሁ ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒን፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን፣ አብሩ፤ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሠራው፣ ብዙ ቤት ይሄው ነው ያለው።

ሃርድ ዲስኩን ለፊልም አስቀምጠው። ማሽኑ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ማስገቢያ አለው፤ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ገዝተህ ዊንዶውሱንም ሲሙሌተሩንም እሱ ላይ ጫን።

ጥያቄ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ካርዱን ከየት ልግዛ? መርካቶ ወይስ መገናኛ?

መልስ፦
ኬብል፣ ፋን፣ የኪቦርድና የማውዝ ዓይነት ዕቃ መርካቶ ይቀንሳል። ካርድና ኤስኤስዲ ግን መገናኛ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ጠረጴዛ ላይ ሰክቶ ከሚያሳይህ ሱቅ ግዛ፤ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል። ከዱባይ በሰው ማስመጣት ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፣ ዕቃው ቢበላሽ ግን ዋስትናውን ይዘህ የምትመለስበት ሱቅ እዚህ የለህም። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ሦስት ነገር ሳታደርግ ብር አትቁጠር። ጂፒዩ-ዜድን (የግራፊክስ ካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም) ክፈት፣ ሐሰተኛ ባዮስ የተጫነበትን አሮጌ ካርድ "ፌክ" ብሎ ይጽፍልሃል። ፈርማርክን (ካርዱን አጨናንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) 10 ደቂቃ አስኪድ፤ ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ መርጋት አለበት፣ ከ85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ተወው። በመጨረሻም ፋኖቹ ሁሉ መዞራቸውን በዓይንህ እይ። አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ በርካሽ ካገኘህ ማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ላይ የከረመ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ላይ "2048ኤስፒ" የሚል ካለበት ደግሞ አቅሙ የ570 ነው። ላንተ ማሽን ግን ሁለቱም ኃይላቸው ስለሚበዛ አይሆኑም።

መልስ፦
ዕቃው ከገባ በኋላ ሴቲንጉን በግምት አትነካካ። አንድ ቋሚ ፈተና ያዝ፦ ቦሌ፣ ያው አውሮፕላን፣ ያው ደመና፣ ያው ሰዓት፣ ከማኮብኮቢያው ተነስቶ አንድ ዙር። ኤክስፕሌን ላይ ዳታ አውትፑት ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር፣ ፍሬም ሬት (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) የሚለውን፣ ኮክፒት ላይ እንዲታይ ምልክት አድርግበት። የሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) እና የጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ) ጊዜ ለየብቻ ይወጣል፤ ትልቁ ቁጥር ያለው ነው የሚያዘገይህ። ሲፒዩው ከሆነ ወርልድ ኦብጀክትስን (መሬት ላይ የሚታዩ ሕንፃዎችና ነገሮች ብዛት) አንድ ደረጃ አውርድ፣ ሌላውን አውሮፕላን ትራፊክ ቀንስ፤ የምስል ጥራት ብትቀንስ ምንም አታተርፍም። ጂፒዩው ከሆነ አንቲ-አሊያሲንግን (የምስል ጠርዝ ማለስለሻ) ቀንስ፣ የመሬት ላይ ጥላን አጥፋ፣ ካልበቃ ኤፍኤስአር (ምስሉን በትንሽ ሠርቶ የሚያሳድግ) አብራ። በ6 ጊጋ ካርድ ቴክስቸርን (የገጽታ ምስል ጥራት) ከ"ሀይ" አታሳልፍ። ፍሬሙ ከ20 በታች ሲወርድ ኤክስፕሌን የበረራውን ጊዜ ራሱ ያዘገየዋል፤ ለልምምድ የምትቆጥረው ሰዓት ይዛባብሃል ማለት ነው።

ለስላሳነት ከትልቅ ቁጥር ይበልጣል። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ከሆነና ማሽኑ በ35 እና በ50 መካከል የሚዋዥቅ ከሆነ፣ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል 30 ላይ ቆልፈው። እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ጊዜ ስክሪኑ ላይ ስለሚቆይ መዝለሉ ይጠፋል።

የማይክሮሶፍቱን ለሚጠቀሙ፦ ዴቨሎፐር ሞድ ውስጥ ያለው የኤፍፒኤስ (የፍሬም ሬት) ማሳያ "ሜይን ትሬድ" ካለ፣ ማለትም የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ከሆነ፣ ቴሬይን ኤልኦዲን (የመሬቱ ዝርዝር መጠን) ከ100 ወደ 50 አውርዱት፣ የመኪናና የአውሮፕላን ትራፊክ ቀንሱ። "ጂፒዩ" ካለ ደመናውን ከአልትራ ወደ ሀይ።

መልስ፦
መብራቱን ማንም አላነሳውም። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ብቻውን መብራት ሲጠፋ አያድንም፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ) ያስፈልጋል። ሱቅ የሚጽፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው፣ ለዚህ ማሽንና ለአንድ ስክሪን ይበቃል። አንዳንድ አዳዲስ ፓወር ሳፕላዮች ርካሹ ዩፒኤስ የሚሰጠውን ሞገድ አይወዱትም፣ ወደ ባትሪ ሲዞር ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር አስከፍተህ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ አስነቅለህ ግዛ።

ሌላው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ያገለገለ ኦፕቲፕሌክስ ሲገዛ የፕሮሰሰሩ ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) ብዙውን ጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው። አሮጌውን በአልኮል አጽድተህ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ አድርግ፣ ፋኑን በእጅህ ይዘህ አቧራውን በብሎወር አስነፋ (ፋኑ ዝም ብሎ እንዲዞር ከተውከው ይጎዳል)። ጥገና ቤት የምትወስደው ከሆነ እዚያው ቁመህ አስደርገው፤ ራም ለሌላ ራም የሚቀየርበት ቦታ አለ።